የመርከበኛው መታወቂያ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መርከበኛ መታወቂያ ነው። «እኛ አራሾች ነን፤ ከመርከብ ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። መልሱን ከራሳችሁ ማሳ እንጀምረው።

ማሳችሁ ላይ የምትበትኑት ማዳበሪያ ከየት ይመጣል? ከውጭ አገር በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። እህላችሁን ገበያ የሚያደርሰው መኪና የሚጠጣው ነዳጅስ? እርሱም ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እናንተ ያመረታችሁት ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚሄደውም በአብዛኛው በመርከብ ነው። መርከቡን ደግሞ ሰው ይነዳዋል፤ ሞተሩን ሰው ይጠግነዋል፤ ወጡን ሰው ይሠራዋል። ይህ ሰው መርከበኛ ይባላል። እንደ እናንተው በላቡ የሚያድር ሠራተኛ ነው።

አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም። ዕቃችን በአብዛኛው የሚገባውም የሚወጣውም በጅቡቲ ወደብ ነው። መርከብ ግን አላት። የንግድ መርከብ ድርጅታችን የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። መርከቦቹም በከተሞቻችንና በወንዞቻችን ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ደግሞ የመርከብ ሙያ የሚያስተምር ተቋም አለ። ከዚያ የተመረቁ ወጣቶች በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረው ይሠራሉ። እንግዲህ የገበሬ ልጅ ተምሮ መርከበኛ ሊሆን የሚችልበት ዘመን ላይ ነን። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አይደለም፤ የቤታችን ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ሰው በመንደሩ ውስጥ መታወቂያ አያስፈልገውም። «የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ባል» ተብሎ ይታወቃል። ወደ ወረዳ ከተማ ሲወጣ ግን «መታወቂያህን አሳይ» ይባላል። አገር አቋርጦ ሲሄድ ደግሞ ፓስፖርት ይጠየቃል። ከመንደሩ በራቀ ቁጥር የሚያውቀው ሰው እያነሰ፣ የወረቀቱ ሥራ እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው። መርከበኛ ታዲያ እንዴት ይሁን? ዛሬ ሕንድ አገር ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ አገር ነው፤ ከዚያም ሌላ። በደረሰበት ወደብ ሁሉ የሚያውቀው ሰው የለም።

እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። አንድ መርከብ 20 ቀን ሙሉ በውሃ ላይ ሰንብቶ ወደብ ደረሰ እንበል። መርከበኛው 20 ቀን ሙሉ ያየው ውሃና ሰማይ ብቻ ነው። ምድር መርገጥ ይፈልጋል። ጥርሱን አሞት ከሆነ ሐኪም ማየት ይፈልጋል። ሳሙናና ምላጭ መግዛት፣ እናቱን በስልክ ማነጋገር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሳለም ይፈልጋል። ከተማዋ ከፊቱ ናት፤ የመኪናው ድምፅ ይሰማዋል። ነገር ግን የዚያ አገር ሹም መጥቶ «አንተ ማን ነህ? መርከበኛ ስለ መሆንህ ምን ማስረጃ አለህ?» ይለዋል። የሚታመን ማስረጃ ካለው ይወርዳል። ከሌለው መርከቡ ላይ ቆሞ ከተማዋን ሲያይ ይውላል። እስረኛ ሳይሆን እንደ እስረኛ ይሆናል።

ይህን ችግር ለማቃለል ሲባል ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1950 ዓ.ም. አንድ ስምምነት አወጣ። ቁጥሩ 108 ነው። ስምምነቱን የተቀበለ አገር ለመርከበኞቹ የተለየ መታወቂያ እንዲሰጥ፣ የሌሎች አገሮች መርከበኞች ያንን መታወቂያ ይዘው ሲመጡም ወደ የብስ እንዲያወርዳቸው የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። የዚያ ዘመን መታወቂያ ግን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ብቻ ያለበት ወረቀት ነው። የአንዱን ፎቶግራፍ ልጦ የሌላውን መለጠፍ ለአጭበርባሪ ከባድ አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. የመስከረም አንድ ዕለት፣ እኛ ዘመን ስንለውጥ፣ በአሜሪካ አገር በአውሮፕላን ታላቅ ጥፋት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ በጥርጣሬ ያዩ ጀመር። መርከበኛም አብሮ ተጠረጠረ። ስለዚህ በሰኔ ወር 1995 ዓ.ም. የመንግሥታት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች በጄኔቫ ተሰብስበው አዲስ ስምምነት አጸደቁ። ቁጥሩ 185 ነው። በሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 1997 ዓ.ም. ነው። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ አገሮች ወደ ወደባቸው የሚገባውን ሰው በእርግጠኝነት እንዲያውቁ። ሁለተኛው፣ መርከበኛው ክብሩ ተጠብቆ ምድር እንዲረግጥ።

አዲሱ መታወቂያ ከአሮጌው የሚለየው ባዮሜትሪክ በሚባል ነገር ነው። ቃሉ የውጭ ነው፤ አያስፈራችሁ። ከራሱ ከሰውየው አካል የሚወሰድ መለያ ማለት ነው። የጣት አሻራ፣ የፊት መልክ፣ የዓይን ምስል ሁሉ ባዮሜትሪክ ናቸው። ፋይዳ የሚባለውን መታወቂያ ለማውጣት የተመዘገባችሁ ይህን አይታችሁታል። የአሥር ጣታችሁን አሻራ ሰጥታችኋል፤ ዓይናችሁንና ፊታችሁን በመሣሪያ ተነሥታችኋል።

ነገሩን በከብት እንመስለው። በሬያችሁ ቢጠፋ በምን ትለዩታላችሁ? በገመዱ ነው? አይደለም። ገመዱን ሌባ ፈትቶ ሌላ በሬ ላይ ሊያስረው ይችላል። የምትለዩት በመልኩ፣ በቀንዱ፣ በግንባሩ ነጭ ነው። አሮጌው መታወቂያ እንደ ገመዱ ነው። አዲሱ ግን የባለቤቱን መልክ በራሱ ውስጥ ይዟል።

መጀመሪያ የተመረጠው መለያ የሁለት ጣት አሻራ ነበር። አሻራው ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ነጠብጣብና ሰረዝ ባለው ምልክት ካርዱ ላይ ይታተም ነበር። ይህን ለማንበብ ግን የተለየ መሣሪያ ያስፈልግ ነበርና ብዙ ወደቦች አልነበራቸውም። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ስምምነቱ ተሻሻለ። ማሻሻያው በሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። በአዲሱ አሠራር የመርከበኛው የፊት ምስል ቺፕ በምትባል ትንሽ ነገር ውስጥ ይቀመጣል። ቺፕዋ ከጥፍር ታንሳለች፤ ካርዱ ውስጥ ተቀብራ ትኖራለች። የአሁኑ ዘመን ፓስፖርትም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት የሚያነበው የጠረፍ መሣሪያ የመርከበኛውንም ካርድ ሊያነብ ይችላል። ሹሙ ካርዱን መሣሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ በውስጡ ያለው መልክ ይወጣል፤ ከፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ያስተያያል። ሌላ ሰው ከሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ይህ መታወቂያ እንዴት ይወጣል? አሠራሩ ከአገር አገር ይለያል። የሕንድን አገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሕንድ ስምምነቱን በ2008 ዓ.ም. ተቀበለች። ከየካቲት 2012 ዓ.ም. ጀምሮም የፊት ምስል ያለበትን ካርድ መስጠት ጀመረች። ለዚህ ሥራ 9 ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ሙምባይ፣ ኮልካታ፣ ቼናይና ጎዋ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሚጠይቀው ሰው መጀመሪያ የጸና የመርከበኛ ደብተር ሊኖረው ይገባል። የመርከበኛ ደብተር ማለት የትኛው መርከብ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ሠራ የሚመዘገብበት ነው። ከዚያ በኮምፒዩተር ያመለክታል፤ ቀን ይቆረጥለታል። በቀጠሮው ቀን ራሱ ይቀርባል። ወንድሙ ወይም ጓደኛው ሊወክለው አይችልም፤ የሚወሰደው የእርሱ መልክ ነውና። ከዚያ ማስረጃው ይመረመራል፤ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። ሲጣራ ካርዱ ይሠራለታል።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ዜግነት፣ ልዩ የአካል ምልክት ካለ እርሱ፣ ፎቶግራፍና ፊርማ። የሰጠው መሥሪያ ቤት ስምና ስልክ ቁጥር፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀንም ይጻፋል። ዕድሜው ከ10 ዓመት አይበልጥም፤ ከ5 ዓመት በኋላም ይታደሳል። ደግሞም ካርዱ ላይ «ይህ ፓስፖርት አይደለም» የሚል ቃል አለ። ፓስፖርት የሚሰጠው ለማንኛውም ተጓዥ ነው። ይህ ካርድ ግን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ሰው መርከበኛ ነው፤ ስሙም ይህ ነው» ይላል።

እንግዲህ የንግግራችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። መታወቂያው የማን ነው? የአሠሪው ነው? የደላላው ነው? የመርከቡ አዛዥ ነው? አይደለም። የመርከበኛው ነው። ስምምነቱ ለመርከበኛው የሰጠውን መብት ለይተን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ መታወቂያው ምንጊዜም በመርከበኛው እጅ ይኖራል። የመርከቡ አዛዥ እንኳ «ልጠብቅልህ» ብሎ ሊያስቀምጠው የሚችለው መርከበኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። በቃል መስማማት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ቺፕ ውስጥ ያለውን፣ በዓይን የማይነበበውን ነገር መርከበኛው የማየት መብት አለው። ካርዱን የሰጠው መንግሥት ማንበቢያ መሣሪያ ሊያቀርብለት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ተቀባይነት ቢያጣ ይግባኝ ማለት ይችላል።

አራተኛ፣ ስለ እርሱ መዝገብ ላይ የሚቀመጠው ነገር ማንነቱን ለማጣራት የሚያስፈልገው ብቻ ነው። የግል ምሥጢሩ ሊጠበቅለት ይገባል።

አምስተኛ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች፣ መርከቡ ወደብ ላይ ሳለ ለአጭር ጊዜ ወደ የብስ ለመውረድ ቪዛ አይጠየቅም።

ይህ ሁሉ መብት ግን ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ይጠቅመዋል? «በጽሑፍ ሲስማማ» ይላል ስምምነቱ። የማያነብ ሰው ወረቀት ቢቀርብለት ምን ላይ እንደ ፈረመ አያውቅም። ድሮ ማይም ሳለን በአውራ ጣታችን ስንፈርም የነበረውን አስታውሱ። ቀለም እየነከርን የማናውቀው ወረቀት ላይ ጣታችንን እናሳርፍ ነበር። ስንቱ በዚያች ጣት መሬቱን አጣ! ስንቱ ያልተበደረውን ዕዳ ከፈለ! ዛሬ ያው አሻራ ተመልሶ መጥቷል። አሁን ግን ማይምነትን አያሳይም፤ ሰውን ከሌባ ይጠብቃል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጣቱ ያው ጣት ነው። ልዩነቱ ከጣቱ በፊት ዓይን ማንበቡ ነው።

አሁን አንድ የገበሬ ልጅ መርከበኛ ለመሆን ተነሣ እንበል። መንገዱ ላይ የሚያደናቅፈው የመጀመሪያው ድንጋይ ምን ይመስላችኋል? ባሕሩ አይደለም። ስሙ ነው። በትምህርት ቤት ወረቀቱ ላይ ስሙ ከነአባቱ ብቻ ተጽፏል። በፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የአያቱም ስም አለበት። አንዱ ጸሐፊ «ገብረ ሥላሴ»ን ለይቶ በሁለት ቃል ጻፈው፤ ሌላው አጣብቆ በአንድ ቃል ጻፈው። ወደ ፈረንጅ ፊደል ሲገለበጥማ አይነሣ! «ፀሐይ» የሚለውን ስም ሦስት ጸሐፊ በሦስት ዓይነት ሊጽፈው ይችላል። ለእኛ ሁሉም ያው ፀሐይ ናት። ለመሣሪያው ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መሣሪያ ዘመድ አያውቅም፤ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ድንጋይ የትውልድ ቀን ነው። የኛ ዘመን አቆጣጠርና የፈረንጆቹ ይለያያሉ። ጥር 11 ቀን 1992 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት የተወለደ ልጅ፣ በፈረንጆች ሲቆጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ ሳይገለብጥ ጥሩን ብቻ ወደ ጃንዋሪ ለውጦ «ጃንዋሪ 11 ቀን 1992» ብሎ ቢጽፍ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው! አንዱ ወረቀት የ20 ዓመት ወጣት ሲለው፣ ሌላው የ28 ዓመት ጎልማሳ ይለዋል። ሹሙ የትኛውን ይመን? «አታላይ ነህ» ቢለው ይፈረድበታል? ልጁ አላታለለም። ያታለለው ሳያነብ የተቀበለው ወረቀት ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ለልጆቻችሁ ማስረጃ ስታወጡ፣ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ሳትነሡ አንብቡት። ስሙን ፊደል በፊደል ተመልከቱ። የአባቱና የአያቱ ስም በትክክል ገብቷል? ቀኑ በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ስሕተት ካለ «ግድ የለም፣ ይሁን» አትበሉ። «እባክዎ ጌታዬ፣ ይህች ፊደል ትታረም» በሉ። ነውር የለውም። ዛሬ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው እርማት ከአሥር ዓመት በኋላ ግማሽ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልጁም በውጭ አገር ፊደል ስሙ መጀመሪያ እንደ ተጻፈ፣ ዘወትር እንደዚያው ይጻፈው።

ሦስተኛው ድንጋይ ደላላ ነው። «ገንዘብ ስጠኝ፣ ልጅህን መርከብ ላይ አስቀጥረዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በሬያችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ከነሐሴ 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን ይከለክላል። መርከበኛ ለመቀጠሪያ ክፍያ አይጠየቅም። ከራሱ ኪስ ሊከፍል የሚችለው ለጤና ምርመራ ወረቀት፣ ለመርከበኛ ደብተርና ለፓስፖርት ነው። የቪዛ ወጪ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ነው። ስለዚህ ደላላው የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት፣ የባሕር ትራንስፖርት ጉዳይ የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን አንድ እውነት እንጨምር፤ ልናሞኛችሁ አንፈልግምና። መታወቂያ ብቻውን በር አይከፍትም። ካርድ በመንግሥታት መካከል የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃሉ የሚከበረው ሁለቱም ወገኖች ሲይዙት ነው። ስምምነት ቁጥር 185ን ያልተቀበሉ ብዙ አገሮች አሉ። አሜሪካ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ መርከበኛ ምድሯን ለመርገጥ ቪዛ ትጠይቃለች። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ ደግሞ ወደቦች ለመርከበኛ ተዘጉ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ላይ ወደ 400,000 የሚጠጉ መርከበኞች ውላቸው አልቆ ሳለ መርከብ ላይ ቀርተው ነበር። ከመካከላቸው 17 ወርና ከዚያም በላይ ባሕር ላይ የቆዩ ነበሩ። ማዳበሪያውና ስንዴው ግን አልቆመም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. መርከበኞች እጅግ አስፈላጊ ሠራተኞች ተብለው እንዲታዩ መንግሥታትን ጠየቀ።

«ታዲያ በር ካልከፈተ ካርዱ ምን ይሠራል?» ትሉን ይሆናል። እንዲህ እንመልሳለን። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁ ዝናብ አያዘንብም፤ ጎረቤት ድንበር ሲገፋ ግን ቆሞ ይመሰክርላችኋል። ወረቀት የሌለው ሰው ክርክሩን የሚጀምረው «እኔ እኮ እኔ ነኝ» ብሎ ነው። ወረቀት ያለው ግን «ማንነቴ ይህ ነው፤ መብቴም ይህ ነው» ብሎ ይጀምራል። መብቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ብቻውን አይቆምም፤ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይጠይቃል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ ብዙ መከራ አይታችኋል። ከእርሻ ደክማችሁ መጥታችሁ፣ በኩራዝ ጭስ ዓይናችሁ እያነባ «ሀ ሁ» ብላችኋል። ያ ድካም ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ አይደለም። በስማችሁ የተጻፈውን ሁሉ ከመቀበላችሁ በፊት እንድታነቡት ነው። የመሬት ደብተር ይሁን፣ የቁጠባ ደብተር ይሁን፣ የልጅ የልደት ወረቀት ይሁን፣ ባሕር ማዶ የሚሄድ ልጅ መታወቂያ ይሁን፣ ሁሉም አንድ ነው። አንብቡት፤ አሳርሙት፤ በእጃችሁ ያዙት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. መርከበኛ የተለየ መታወቂያ ለምን ያስፈልገዋል?

2. ባዮሜትሪክ ማለት ምን ማለት ነው? በገመድና በበሬ መልክ የተሰጠውን ምሳሌ በራሳችሁ አነጋገር ተናገሩ።

3. የመርከቡ አዛዥ የመርከበኛውን መታወቂያ ሊይዝ የሚችለው መቼ ብቻ ነው?

4. ቤታችሁ ያሉትን ወረቀቶች አውጥታችሁ ተመልከቱ። ስማችሁ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ተጽፏል? የትውልድ ቀናችሁስ?

5. በአካባቢያችሁ ሳያነብ ፈርሞ የተጎዳ ሰው ታውቃላችሁ? ምን ቢያደርግ ኖሮ ይድን ነበር?